ወናፉን ለያዙልኝ አማቴ

ውድ እማማ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ መነጽርዎን ያድርጉና ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። ልጅዎ «ላንብብልሽ እማዬ» ብላ ብትመጣ እንኳ እምቢ ይበሏት። የምነግርዎትን ነገር ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙት አልፈለግሁም። ፊት ለፊት እንዳልነግርዎት ደግሞ፣ እርስዎ እንደለመዱት ነገሩን በቀልድ ያዞሩታል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ።

ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ባሌ ሞቶ ሐዘንተኛው እንደተበተነ፣ ታላቅ ወንድሙ ተሸካሚዎች ይዞ የመጣበትን ጠዋት መቼም አይረሱትም። «መስፉን ልወስደው ነው። መቼም ሴት ብረት አትቀጠቅጥበት» አለ። ባሌ የጋለ ብረት አስቀምጦ የሚቀጠቅጥበት ያ መስፍ ከሄደ፣ የሚቀረን ጥላሸት የጠጣ ግድግዳ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን ከጓዳ ወጡ፣ ቀሚስዎን ሰብሰብ አደረጉ፣ መስፉ ላይ ቁጭ አሉበት።

«ውሰድ» አሉት። «መጀመሪያ ግን እኔን አንሣኝ። እንደምታየኝ ቀላል አይደለሁም።»

«እማዬ፣ ሰው ይስቅብናል እኮ!»

«ይሳቃ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ተስፋ ቆርጠው ሄዱ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ እስከዚያች ቀን የሚወዱኝ አይመስለኝም ነበር። በትዳር ዘመኔ ሁሉ «የልጄ ሚስት» ከማለት በቀር በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። መጥረጊያ ስይዝ ደግሞ «ይቺ ልጅ ቤት አትጠርግም፤ አቧራውን ቦታ ታቀያይረዋለች» ይሉ ነበር።

ባሌ ጓሮ የተወልን ሀብት ያ የሐዲድ ሚስማር ክምር ነው። ባቡሩ መሄድ ካቆመ በኋላ ከየተጋዳሚው እንጨት የተነቀለ፣ ከአውራ ጣት የወፈረ፣ ዝገት የበላው ሚስማር። እሱ ከዚያ ቢላ፣ መሮ፣ መቆፈሪያ ሲያወጣ ሁልጊዜ አየው ነበር። ለካስ ማየት ሌላ፣ መዶሻ መያዝ ሌላ። እርስዎ እሳቱን የሚያናፋውን ወናፍ ያዙ፣ እኔ መዶሻውን። የመጀመሪያው ሚስማር ከከሰሉ ሲወጣ ፍም መስሎ ነበር። በጉጠት ይዤ ስመታው ወደ ግራ ተጣመመ፤ ላቃናው ስል ወደ ቀኝ ሄደ፤ ውሃ ውስጥ ስነክረው ጭራሽ ባሰበት። እርስዎ አገላብጠው አዩትና «ይሄ ቢላ ነው የዶሮ እግር?» አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም መሳቃችን አስደነገጠንና ወደ እሳቱ ዞርን።

ቢላ የሚመስል ነገር ስሠራ ደግሞ የማዶው ምግብ ቤት አብሳይ ገዝቶ ሲያበቃ መልሶ አመጣው። «እመቤት፣ ይሄ ቢላ ሽንኩርቱን አይቆርጠውም፤ ይለምነዋል» አለኝ። ጥግ ሄጄ አለቀስኩ። እርስዎ አይዞሽ እንኳ አላሉኝም። ክምሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ሚስማሮቹን በጣትዎ ሲዳብሱ ቆዩና «ነይማ፤ አንዳንዱ አናቱ ላይ ፊደል ተቀርጾበታል፣ አንዳንዱ ልሙጥ ነው። ለምንድን ነው?» አሉኝ። ከሁለቱም ዓይነት ሠርተን ሞከርነው። ልሙጡ ለስላሳ ብረት ሆነ፤ ፊደል ያለበት ግን ስለት ያዘ። ከዚያ ወዲያ እርስዎ ይለያሉ፣ እኔ እቀጠቅጣለሁ፤ ጠንካራው ለቢላ፣ ለስላሳው ለመንጠቆና ለበር እጀታ። አብሳዩም ደንበኛችን ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ብረቱ ግሎ ሳለ «መዶሻውን ስጪኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ይከብድዎታል።»

«ልጄን ቀብሬያለሁ። መዶሻ ነው የሚከብደኝ?»

ሰጠሁዎት። በቀብሩ ላይ ዕንባ ያልወጣዎት ሰው፣ በእያንዳንዱ ምት እያለቀሱ መቱ። እኔ ብረቱን እያገላበጥኩ ያዝኩልዎት። በስሜ የጠሩኝ ያን ቀን ነው፤ መዶሻውን ሲመልሱልኝ።

አሁን ወደ ሾፌሩ ልምጣ። ክምሩ ሲጎድል የተነቀለ ሚስማር በጭነት መኪናው የሚያመጣልንን ሰው ማለቴ ነው። ጥቂት ጆንያ ለማራገፍ ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር። «ሚስማሩን አንድ በአንድ ነው እንዴ የሚያወርደው?» ሲሉኝ፣ ወናፉ አላሰማኝም ብዬ ከሰሉን ቆሰቆስኩ።

ከዚያ ድንገት ጉልበቴ ታመመ አሉ። ልጄ ጋ ልሂድ፣ እዚያ ሐኪም ቅርብ ነው አሉ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ያደረስዎትም ሾፌሩ ራሱ ነው። እማማ፣ እኔ ተቀይሜ ነበር። ሰለቸኋቸው፣ ለነገሩ ልጃቸው አይደለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ። በወናፉ ቦታ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አስገባሁ። ይነፋል፤ ግን አያወራም።

ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ ጆንያውን አራገፈና አልሄድ አለ። እጁን በሱሪው ጠራርጎ «ብንጋባ ምን ይመስልሻል?» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩት። «እማማ ምን ይሉኛል? በልጃቸው ቤት፣ በልጃቸው እሳት ፊት?»

ኮፍያውን አወለቀ። «እንዳልነግርሽ ቃል አስገብተውኝ ነበር። አሁን ግን ልነግርሽ ነው» አለ።

ነገረኝ። አውቶቡስ ተራ ደርሳችሁ ከመኪናው ሳይወርዱ ያሉትን ሁሉ ነገረኝ። «ጉልበቴ ደኅና ነው። እኔ እዚያ ቤት ካለሁ ግን ያቺ ልጅ ቀና ብላ አታይህም፤ እኔን ባየች ቁጥር ባሏን ነው የምታየው። አትቸኩል፣ ጊዜ ስጣት። ብታስለቅሳት ግን ተመልሼ በጉጠት ነው የምይዝህ።»

ከሰሉ ላይ የነበረው ብረት እዚያው ተቃጠለ። ጓሮ ወጥቼ ክምሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከገዛ ቤትዎ፣ ልጅዎ ከኖረበት ቤት፣ ለእኔ ብለው ወጡ፤ እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ አኩርፌ ከረምኩ። መስፉን ላለማስወሰድ ተቀምጠውበት ተሸካሚዎቹን የመለሱት ሴት፣ መንገድ ለመልቀቅ ሲሉ ተነሥተው ሄዱ። ይህን ያህል የወደደኝ ሰው የለም። እንዲህ አድርጎ መውደድ እንዳለም አላውቅም ነበር።

እሺ አልኩት፣ እማማ። አንድ ነገር ግን አስቀደምኩ። «እኔ አማት አሉኝ። አብረውኝ ነው የሚኖሩት» አልኩት።

ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ሌላው ሰው ሲያገባ የሚስቱ እናት ናት አማቱ፤ የኔ ደግሞ የሚስቴ አማት! ይምጡ እንጂ፤ ቤቱ የሳቸው አይደል?»

ልጅዎን የረሳሁት እንዳይመስልዎ። እሱን በየቀኑ ከማን ጋር አነሣዋለሁ? ሳቁን የሚያውቅ፣ ቁጣውን የሚያውቅ፣ መዶሻውን ሲያነሣ ምላሱን እንደሚነክስ የሚያውቅ ሰው ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ? እንዲመለሱ የምለምንዎት ለእርስዎ አዝኜ ብቻ አይደለም። ለራሴም ነው።

ቅዳሜ እንመጣለን። ልጅዎ አልለቅም ካለች እኔ አነጋግራታለሁ፤ እርስዎ ብቻ ጓዝዎን ሸክፈው ይጠብቁኝ። የጋብቻውን ጉዳይ የያዘልን ሽማግሌ ትናንት መጥቶ «ከሙሽራዋ ወገን ማን ይቆማል?» ብሎ ጠየቀኝ። «እናቴ» አልኩት።

«እናትሽ ገና ልጅ ሳለሽ ሞተዋል አልተባለም እንዴ?» አለኝ ግራ ገብቶት።

«አንዷ ናት የሞተችው» አልኩት።

ልጅዎ