የአባቴን ተዝካር የጋዝ ፍሳሽ ነው ላለው ቆጣሪ

ለተከበሩ የጋዝ ቆጣሪ ንድፍ ክፍል ኃላፊ
ዴንቨር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤትዎ እንደሚሞቅ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ኦሮራ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ባለው የእናቴ ቤት፣ ተመስገን፣ ጃኬት አለን።

በቅድሚያ ስለ አዲሱ ቆጣሪዎ ላመስግን። የገጠመው ቴክኒሻን እንዳስረዳን፣ ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ በጋዙ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየላከ፣ ድምፁ ከጋዙ ጋር ሲሄድና ከጋዙ በተቃራኒ ሲመለስ ባለው የጊዜ ልዩነት ምን ያህል ጋዝ እንዳለፈ ያውቃል። ብዙ ጋዝ ለረጅም ሰዓት ካለፈ ደግሞ ፈሰሰ ብሎ ራሱ ይዘጋል። የእውነት ፈስሶ ቢሆን ነፍሳችንን ያተርፍ ነበርና ይህን አልነቅፍም።

፩ኛ፦ በጃንዋሪ የአባቴ የአቶ መኮንን የአርባ ቀን ተዝካር ነበር። የማኅበሩ ሴቶች ከማለዳ ጀምረው ምድጃውን በሙሉ፣ ኦቭኑን፣ ጋራዥ ያለውንም ትልቁን ምድጃ ለኮሱ፤ በረዶ ስለነበር ማሞቂያውም አላረፈም። ወጡ ሳይበስል እሳቱ ሁሉ ድርግም አለ። ሰው ሞቶበት ለመንደር የሚያበስል ቤት መኖሩን አስቀድመን ባለማሳወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ድስቶቹን በመኪና ጭነን በየዘመዱ ቤት አዳረስን፤ ቄሶቹም ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ጸልየው ሄዱ።

፪ኛ፦ ቆጣሪዎ እዘጋለሁ ብሎ ማንንም አልጠየቀም። ስደውል ያነጋገሩኝ እጅግ ትሑት ሴት፣ ቴክኒሻን መጥቶ ሳይፈትሽ እንደማይከፈት፣ ይህም ለደኅንነታችን መሆኑን ደጋግመው አስረዱኝ። ቴክኒሻኑ በማግሥቱ ከሰዓት መጥቶ ምንም ፍሳሽ የለም አለ። እናቴን ወይዘሮ ፀሐይነሽን ሳንባቸውን ስለሚያማቸው ሐኪም ብርድ እንዳያገኛቸው አስጠንቅቆ ነበር። እህቴ ቀጸላ ልውሰድዎት ብትላቸው፣ የሐዘን ቤት ባዶውን አያድርም ብለው እምቢ አሉ። ያን ሌሊት የያዛቸው ሳል እስከ ዛሬ አለቀቃቸውም።

ቀጥሎ ላለው ጉዳይ ፫ኛ ብዬ ቁጥር ለመስጠት አንጀቴ እምቢ አለኝ። እናቴ ጋዙ የተዘጋባቸው ጥፋት ሠርተው መስሏቸዋል። በቀበሌ ዘመን ቤተሰብ ያሳደጉ ሰው ናቸውና፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቤት ጓዳ የሚያዳምጥ ነገር እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ ባይ ናቸው። እኔ ለሥራ ስወጣ ማሞቂያውን አጥፍተው፣ ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበው ይቀመጣሉ። «እኔ እችለዋለሁ፤ ብቻ እንዳናስቀይማቸው» ይሉኛል። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸውም፤ አልሰሙኝም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ከአባቴ ቀጥሎ እሳቸውን እንዳልቀብር ፈርቻለሁ።

የሰማንያው ቀን እየደረሰ ነው። ያን ያህል ረቂቅ ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ የነደፈ አእምሮ፣ ከመዝጋቱ በፊት ስልክ ደውሎ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» የሚል ቢጨምርበት ብዙ የሚያደክመው አይመስለኝም። ቢቻል በአማርኛ።

ስለ ደኅንነታችን እንቅልፍ ለሚያጡት ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ከከበረ ሰላምታ ጋር፣ ሹራብ በሹራብ ደርቤ፣
እንዳልክ መኮንን

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከመሥሪያ ቤትዎ ለእናቴ መልእክት ደርሷቸዋል። በዚህ ወር ጋዝ በመቆጠብ ከሠፈሩ ቤቶች ሁሉ ስለበለጡ እንኳን ደስ አለዎት ይላል። ተርጉሜ ሳነብላቸው ፊታቸው በራ፤ «ታዲያ ታረቁን ማለት ነው? ማሞቂያውን ላብራው?» አሉኝ። እኔን ስለማያምኑኝ፣ መልሱን እርስዎ ይጻፉላቸው።