በድሮው ደንብ የተሠራ ቤት

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ጠዋት ሊሸጥ ያለ አንድ ቤት መረመርኩ። ባለ አንድ ፎቅ፣ አርባ ዓመት ያለፈው። ገዢዎቹ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። ሻጩ እርጥብ ግድግዳ በቁም ሣጥን ጋርዶ ጠበቀኝ። ሣጥኑን ገፋ ሳደርገው፣ «እሱ እንኳ ላብ ነው» አለኝ። ግድግዳ ሲያልበው ገና ዛሬ አየሁ።

የደረጃው መደገፊያ ዘንጎች ተራርቀዋል። ጡጫዬ እንደ ልቡ ያልፋል። የዛሬው ደንብ ከአሥር ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍተት አይፈቅድም፤ የሕፃን ጭንቅላት እንዳይሾልክ።

«ቤቱ ወደቀ ማለት ነው፣ ኢንጂነር?» አለ ባልየው።

«እኔ አልጥልም፣ አላሳልፍም። ሲሠራ ይህ ደንብ አልነበረም፤ ቀይሩ ብሎ የሚያስገድዳችሁ የለም። አደገኛ መሆኑን ግን እጽፋለሁ።»

«የማያስገድድ ከሆነ ለምን ይጽፉታል ታዲያ?» አለች ሚስቱ።

«ሕፃን ቤቱ መቼ ተሠራ ብሎ ጠይቆ አይወድቅምና።»

እቤት ገብቼ ቆሜ በላሁ። ያንን የላብ ወሬ ላወራው አሰኘኝ... ለማን? እዚህ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ልጄ ደወለች። አንድ ሳምንት ሥልጠና ልትሄድ ነው። ባሏም መስክ ወጥቷል። «ትንሿን ለማን እንደምተዋት ጨንቆኛል» አለች።

«እኔ አለሁ አይደል? አምጪያት።»

«አባዬ፣ ደረጃህ።»

ትንሿ የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ሞላት። እዚህ አንድም ቀን አድራ አታውቅም።

«የድሮ ቤት ነው እኮ፣ ልጄ። በተሠራበት ጊዜ ደንቡ...»

«ለደንበኞችህም እዚያ ላይ ነው የምታቆመው?»

ለአማቷ ልትሰጣት ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

የራሴን ደረጃ የዘንግ ክፍተት ለካሁት። አሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር።

እሑድ፣ ጥቅምት 11

ሥራ የለም። የራሴን ቤት እንደ ባዳ ቤት መረመርኩት። ቅጽ ይዤ፣ ከጣሪያው እስከ ወለሉ። አሥራ አንድ ጉድለት! የመኝታ ቤቴ መስኮት ፍርግርግ ከውስጥ አይከፈትም። እሳት ቢነሳ በየት እወጣለሁ? የሌላ ሰው ቤት ቢሆን በቀይ አሰምርበት ነበር። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ተኝቻለሁ፤ አንድም ቀን አላሳሰበኝም። ያስደነገጠኝ ፍርግርጉ አይደለም፣ አለማሳሰቡ ነው።

መደገፊያውን የመረጠችው እሷ ናት። ጥቁር እንጨት። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት ትቀባው ነበር። ሰው «ለምን አትቀይረውም?» ሲለኝ ደንብ እጠቅሳለሁ። ደንቡ ምን አገባው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

አናጢው መጣ። ብዙ ዓመት የማውቀው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ይቺማ ቀላል ናት። በየመሃሉ አንዳንድ ዘንግ እንጨምራለን፤ አሮጌው እንዳለ ይቆያል።»

ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን... ቁመቱ። ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ነው፤ የዛሬው ደንብ ዘጠና ይላል። እስካልነኩት ድረስ የሚዳኘው በድሮው ነው። አንዴ ከነኩት ግን ክፍተቱም ቁመቱም በዛሬው ይለካል። ይህን ለስንቱ ተናግሬአለሁ።

«ሁሉም ይውጣ» አልኩት።

«ለአሥር ሴንቲ? ማን መጥቶ ሊለካ ነው?»

«እኔ።»

«ከዚያማ ራስዎን ይከሳሉ፣ ምስክር ደግሞ እኔን ይጠራሉ!»

ሳቅን። እሱ መሣሪያውን ሲያነሳ እኔ ጓሮ ወጣሁ። ምስማር ሲነቀል ድምፁ እዚያም ይሰማል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

አዲሱ ቆመ። ነጣ ያለ እንጨት፣ አያምርም። ጠዋት ስወርድ እጄ የድሮውን ከፍታ ፈልጎ ባዶ ጨበጠ። በያጅ ጠርቼም የመስኮቱን ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት አስደረግኩት። ጣሪያው ላይ ካሉት ሦስት ጉድለቶች በቀር ሌላውም ታረመ።

ልጄ ከሥልጠና ተመልሳለች። ሳምንቱ አለፈ። ዘገየሁ... አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22

ቅጹን ላክሁላት። አሥራ አንዱንም፤ የታረመው ታርሟል፣ ያልታረመው አልታረመም ብዬ። ሰላምታ እንኳ ሳልጨምር። መልስ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ሳትደውል መጣች። ትንሿ ወገቧ ላይ። ደረጃው ሥር ስትደርስ ቆመች።

«የእማዬን አወጣኸው?»

«አወጣሁት።»

«አባዬ...» አለችና ተወችው። ትንሿን አሳቅፋኝ ከቦርሳዋ ሜትር አወጣች። የራሷን! ክፍተቱን አንድ በአንድ ለካች። ቁመቱንም። እኔ እንዳስተማርኳት፣ ሁለት ሁለቴ። ላይ ወጥታ ፍርግርጉን ስትከፍት ሰማሁ፤ ስትዘጋ፣ ደግማ ስትከፍት። እስክትወርድ ትንሿ ጆሮዬን ትጎትታለች።

«ቅጽህ ላይ ሦስት ያልታረመ አለ» አለች።

«አለ። ጣሪያው ላይ ነው፣ እሷ አትደርስበትም።»

«አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ።» አንገቴን ሳመችኝ። «እስከ ነገ ከሰዓት ትቆይ።»

ወጣች። ትንሿ አላለቀሰችም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታወልቃለች። እናቷ ከአጥሩ ተመለሰች። በበሩ ጭንቅላቷን አስገባች። ስለ ደረጃው ልትለኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ወተቷን ለብ አድርገህ ነው፣ እሺ አባዬ?»

የትንሿን ጫማ ከደረጃው ላይ አነሳሁ።

«እሺ» አልኳት።