ወርቄ ጋሸ ሞላን አላወቀቻቸውም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ዛሬ ጋሸ ሞላ ከሞጣ ተመለሱ። የሆቴላችንን ሚዳቋ፣ ወርቄን፣ በጡጦ ወተት እያጠቡ ያሳደጓት እርሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ሊታከሙ ሞጣ ልጃቸው ዘንድ ሄደው እዚያው ሲከርሙ፣ የምንከባከባት እኔ ነበርኩ።

ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ወርቄ ወዳለችበት አጥር ገቡ። "ወርቄ! ነይ እስቲ የኔ እመቤት፣ መጣሁልሽ!" አሉ። ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ አየቻቸውና ሮጣ መጥታ ከኋላዬ ተሸሸገች። እግሬን ተጠግታ ስትንቀጠቀጥ ይሰማኛል። የምገባበት ጠፋኝ።

"መነጽርዎ ይሆናል ያስደነገጣት፣ ጋሸ" አልኳቸው።

አወለቁት። አሁንም አልመጣችም።

"ተይው፣ ልጄ። እኔ ዛሬ ገና አጥርቼ አየኋት፤ እሷ ግን አላወቀችኝም" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ሳሯን ለእርሳቸው ሰጥቼ ወጣሁና ከመጋዘኑ ጥግ ሆኜ አየኋቸው። መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ሳሩን ዘርግተው፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ወርቄ የምታየው ግን እኔ የወጣሁበትን በር ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ።

አመሻሽ ላይ ሥራ አስኪያጇን ከነገ ጀምሮ ወጥ ቤት እንድትመድበኝ ለመንኳት።

"ምነው፣ ከወርቄ ተጣላሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ አልተጣላንም" አልኳት።

ወርቄ እኔን እያየች እርሳቸውን አትለምድም። ወጥ ቤት የሚያስገባው መንገድ ግን በአጥሩ ሥር ነው የሚያልፈው። ነገ ዞሬ በጓሮ በር እገባለሁ።