መድኃኒት የለውም

ጥቅምት 11፣ ከሰዓት 9፡00
ሱቅ ነኝ፣ ቁልፍና ክር እየደረደርኩ። ከክሊኒክ ተደወለ። የሃያት ደም ውስጥ አንድ ቁጥር በጣም ከፍ ብሏል፣ ነገ አምጫት። ልጄ ገና ዓመት ከስድስት ወሯ ነው። የተመረመረችው ለተቅማጥ ነበር፣ እሱም ለቋታል። ደብተሬ፣ ፈርቻለሁ። «የፈሩት ይደርሳል» እላለሁ፣ ወዲያው አፌን እይዛለሁ።

ጥቅምት 12፣ 6፡00
ዶ/ሩ ወጣት ነው፣ አይቸኩልም። ከፍ ያለው ኢንዛይም የሚባል ነገር ነው አለ፤ ከአጥንትም ከጉበትም ይመጣል። ትንንሽ ልጆች ላይ ከሕመም በኋላ ድንገት ይወጣል፣ በራሱ ይወርዳል። ሌላው ምርመራዋ ሁሉ ደህና፣ ዓይኗም ንጹሕ። ከሁለት ወር በኋላ ይደገማል። መድኃኒት የለውም።
ራስ መኮንን ድልድይ ስደርስ ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ዞረ። መድኃኒት የለውም?! ልጄን አዝዬ ዳገቱን በሩጫ ተመለስኩ። አያስፈልገውም ማለቴ ነው አለ፣ እሱም ደነገጠ። እንደዚያ አይባልማ፣ የሰው ልጅ!

ጥቅምት 14
ባሌ ጀማል ለእናቱ ነገራቸው። ይኸው መጡ። «ጉበት ካሉሽ ወፍ ነው፤ ለወፍ በሽታ ሐኪም ምን ያውቃል?» ዱቄት በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፣ በማር ለውሼ ጠዋት ጠዋት ላልሳት። እሺ እማዬ አልኩ። ምን ቅጠል እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ቁልፍ ሳጥን ሥር ደበቅኩት።

ኅዳር 3
በቀን አሥሬ ዓይኗን እገልጣለሁ። ቢጫ ነው? መብራቱ ነው? ልጅቷ ጨዋታ መስሏት የኔንም ትገልጣለች። አማቴ ሲጠይቁኝ እየሰጠኋት ነው እላለሁ። ውሸት ለመደብኝ።

ታኅሣሥ 14
ወረደ! ልክ ሆነ! አልሐምዱሊላህ። ዶ/ሩ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 15፣ ጠዋት 3፡00
ደስታዬ አንድ ቀን አልሞላም። ጀማል ማታ ውጤቱን ነግሯቸው አማቴ ደወሉ። ዱቄታቸው ሃያትን እንዳዳነ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጎረቤታቸው ሰዓዳ የወለደችው ጨቅላ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ጡትም እምቢ ብሏል። ሆስፒታል ልትወስደው ስትል የኔን ልጅ ምስክር አድርገው አስቀሯት። ከሰዓት ዱቄቱን ያደርሱላታል።
እኔ አንዲት ቅንጣት አልሰጠሁም! የኔ ልጅ መጀመሪያም አልታመመችም። ያኛው ግን የምር ታሟል።
ብናገር አማቴ ይቀየሙኛል፣ ጀማልም ዋሸሽ ይለኛል። ይበሉ። ለሳቸው ማታ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። አሁን ሰዓዳ ትቅደም፤ ለሃያት ዱቄቱን አልሰጠኋትም፣ ልጁን ይዘሽ ሆስፒታል ሩጪ እላታለሁ።
ደወልኩ። እየጠራ ነው። አነሳች።