ፀሐዩ በእትዬ በኩል ነው

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
መብራት ሄደ። የሒሳብ መምህሩን ፀጉር በማሽን ግማሽ እንዳደረስኩ… ግራው አልቋል፣ ቀኙ ጫካ ነው። በመቀስ ልጨርስልዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ክፍለ ጊዜ አለኝ ብለው ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ። ባለቤቴ ጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። ምኑ ያስቃል? በዚህ አያያዝ ደንበኛ አለቀብኝ እኮ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ሶላር የሚያከራየው ሰውዬ መጣ። አፈ ጮሌ ነው። ዕቃውን እነሱ ይተክላሉ፣ ሲበላሽ እነሱ ይጠግናሉ፣ የእኛ ድርሻ በየወሩ ኪራይ መክፈል ብቻ። ለአምስት ዓመት። ጫማ ለመግዛት ሁለት ወር የምታስበው ባለቤቴ፣ ፈርምና ገላግለን አለች። እኔ ግን ላስብበት አልኩ።

ሰውዬው መሰላል ጠየቀ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ወሬው ቀንሷል። በእኛ በኩል የጎረቤት ፎቅ ጋርዶታል፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ፀሐዩ ያለው ከግድግዳው ወዲያ ነው አለ። የማን እንደሆነ ጠየቀን። ባለቤቴ እኔን አየች፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከግድግዳው ወዲያ ያለችው እህቴ ናት። እትዬ…

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ለራሴ መጻፉ እንኳ ያሳፍራል። የአባታችንን ቤት ለሁለት ስንካፈል ዕጣ አልጣልንም። ታናሽ ነህና ምረጥ አለችኝ። ቀዝቃዛውን ወገን መረጥኩ። ብልጥ ነኛ! ክፍሎቹን በእርምጃ ለካን፣ መሃል ላይ ግድግዳ አስገነባን። ጣሪያውን ማን አሰበው?

በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግንበኛው ፊት፣ "አንቺ እዚያ ስትጠበሺ እኔ ጥላ ሥር እተኛለሁ" ብያት ሳቅኩ። ግንበኛውም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ይኸው ሦስት ዓመት፣ በር ላይ ስንገጣጠም እሷ ቁልፍ ትፈልጋለች፣ እኔ ስልኬን።

አሁን ምን ብዬ ልሂድ? ፀሐይሽን አውሺኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
አልሄድኩም። እትዬ ነርስ ናት፣ ሥራ ገብታ ይሆናል ብዬ። ባለቤቴ ግን የበሯ መጋረጃ ሲነሳ አይታለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
መብራት የለም። ሁለት ደንበኞቼ መንገድ ተሻግረው ጄኔሬተር ያለው ፀጉር አስተካካይ ጋ ገቡ። በመስኮት ቆሜ አየኋቸው። ባለቤቴ፣ "ኩራትህ ማሽኑን ያስነሳልሃል?" አለችኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10
ሄድኩ።

ያጠናሁት ንግግር በሩ ሲከፈት ጠፋብኝ። ስለ ውሉ፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ሸሹት ደንበኞቼ፣ ስለ አፈ ጮሌው ዘባረቅሁ። አስገብታ አስቀመጠችኝ። ቤቷ በቁሙ ምድጃ ነው። ተቀምጬ ሳልጨርስ ላብ አጠመቀኝ። መስኮቶቿን በካርቶን ሸፍናቸዋለች። አዳር ሠርታ ቀን የምትተኛው እዚህ ውስጥ ነው? እንዴት አስቤው አላውቅም?

"እትዬ፣ ያን ቀን ያልኩት ነውር ነው። ይቅር በይኝ።"

"ይሄን ለማለት ደንበኛ እስኪሸሽህ መጠበቅ ነበረብህ?"

እውነቷን ነው።

ከዚያ የራሷን ቅድመ ሁኔታ ነገረችኝ። ጣሪያው ይሰጣል፣ ውሉ ግን በሁለታችን ስም ይሆናል። ቀን ቀን መጀመሪያ የእሷ ቬንትሌተር ይሽከረከራል፣ ለእኔ የተረፈው ነው። አምስት ዓመት ከእትዬ ጋር በአንድ ውል… ከኪራዩ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ፈረምን። እሷ ሁለቴ አንብባ፣ እኔ ሳላነብ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24
ቴክኒሻኑ ሽቦ ለማሳለፍ ግድግዳውን ሲበሳ ጉድ ሠራን። ጣት ለምታክል ሽቦ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ! ነገ በሲሚንቶ እደፍነዋለሁ ብሎ ሄደ። ቬንትሌተሩም ማሽኔም ግን ይሠራሉ። ከሰዓት ራዲዮኑን ከፍቼ ጫማ ሰፊውን ጎረቤታችንን ሳስተካክል፣ ከቀዳዳው ድምፅ መጣ።

"ማሙሽ፣ ራዲዮኑን ቀንሰው። ከአዳር ነው የመጣሁት።"

ማሙሽ… አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ጫማ ሰፊው ሳቁን ዋጠ። ራዲዮኑን ጭራሽ ዘጋሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠራኝ የለም። ደስ አለኝ፣ ከራሴ ምን እደብቃለሁ?

ቴክኒሻኑ ነገ ሲሚንቶውን ይዞ ሲመጣ፣ ቀዳዳው እንዳለ ይቆይ እለዋለሁ።