ስላልታመመው ጨፌ

ለረግረግ መሬቶች እንክብካቤና ማበረታቻ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
አራዳ፣ ጎንደር

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ሆይ፣

እግዚአብሔር ጤናውን አብዝቶ ይስጣችሁ፤ ጉልበታችሁን ከቁርጥማት፣ ጫማችሁን ከጭቃ ይጠብቅልኝ። እኔ ቀሐ አካባቢ ባለ ደብር የማገለግል ቄስ ኃይለ ማርያም ነኝ። በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርሁት ደጃችሁ በተመላለስሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለ ነበራችሁና ረግረግ ስለ ማዳን የሚመክርን ጉባኤ ማቋረጥ ኃጢአት ስለ መሰለኝ ነው።

ጉዳዩ የታላቅ ወንድሜ የደመቀ ነው። ወገራ፣ ከቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከአባታችን የወረሰው ጨፌ ነበረው፤ ክረምት ከበጋ ውሃ የማይለየው፣ ቄጤማ የሚበቅልበት ረግረግ። ከግርጌው የምትፈልቀው ምንጭ መንደሩን ሁሉ ታጠጣ ነበር። አባታችን ሲሞት ጨፌው እንዳይታረስና የቀዳም ስዑር ቄጤማ ከዚያው እንዲታጨድ ተናዝዟል። ደመቀም ቃሉን ጠብቆ ኖረ፤ ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያንም ለእኔ ደብርም ቄጤማውን በአህያ ጭኖ የሚያደርሰው እሱ ነበር። እኛ ካህናት ደወል እያቃጨልን በየቤቱ ስናድል፣ ሰዉም በራሱ ላይ ሲያስረው፣ ከማን ጨፌ እንደ መጣ የጠየቀ የለም፤ ወንድሜም እንዲጠየቅለት አልፈለገም።

ከዚያ እናንተ መጣችሁ። ረግረጉን ለሚንከባከብ ገበሬ ክፍያ እንደሚሰጥ በስብሰባ ስትነግሩን በጣም ደስ አለን። ደመቀ ልጁን ናዝራዊትን ፀዳ ከተማ ቤት ተከራይቶላት ያስተምር ስለ ነበር ደስታው ከእኔም ይብስ ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. ጎረቤታችንን ውዱን ስለ ሸለማችሁልን አመሰግናለሁ። ውዱ የራሱን ረግረግ ቦይ ቀዶ ካጠነፈፈ በኋላ ገብስ ዘራበት፤ ገብሱ እምቢ ሲለው ባሕር ዛፍ ተከለበት፤ ባሕር ዛፉን ቆርጦ ሲሸጥ ደግሞ እናንተ ደረሳችሁና ከእንግዲህ አላርስም ስላለ አርአያ ገበሬ ብላችሁ ክፍያውን ሰጣችሁት። ውዱ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰጡትን ተቀበለ። ነገር ግን የእሱ መሬት ገና ምንም ስላላበቀለ የሽልማቱን ፎቶ የተነሣችሁት በደመቀ ጨፌ ውስጥ ነው። ወንድሜም እንግዳ ናችሁና ጫማችሁ እንዳይበላሽ መረማመጃ ድንጋይ ደረደረላችሁ።

፪. ለባለሙያችሁ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። ደመቀ እሱስ ለምን እንዳልተመዘገበ ሲጠይቅ፣ ክፍያው ተጎድቶ ለሚያገግም መሬት መሆኑን፣ የእሱ ጨፌ ግን ጤነኛ ስለሆነ የሚያገግመው ነገር እንደሌለው አስረድተውታል። ወንድሜ የተማረ ሰው ያከብራል፤ ጥቂት አሰበና «ሸጋ ነው፤ መታመም ከሆነ የሚፈለገው እናሳምመዋለን» አላቸው። ባለሙያው ሳቁ። ወንድሜ ሳቁን እሺታ አድርጎ ይዞት ሄደ።

፫. ለደንባችሁ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ደመቀ በሬዎቹን ጠምዶ የአባታችንን ጨፌ አረሰው፣ እንደ ውዱም ቦይ ቀደደለት። ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ከዚያ መሬቱ ሳይታረስ ይተኛል፣ ቃሉም አይፈርስም ብሎ ነበር ያሰበው፤ ለእኔም አልነገረኝ። አርሶ ሲጨርስ ሊመዘገብ ቢመጣ፣ ክፍያው ከተጀመረ በኋላ የታረሰ ረግረግ እንደማይመዘገብ ነገራችሁት፤ ስሙንም ረግረግ አጥፊ ብላችሁ በቀበሌው ሰሌዳ ለጠፋችሁት። ደንቡ ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን ይህንኑ እጽፍ ነበር። ያን ዕለት ከሳቁ ጋር አብሮ ቢነገረው ግን ምን ነበረበት?

የሚቀጥለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም። በበጋው ምንጯ ደረቀች። የመንደሩ ሴቶች አሁን ገደሉን ወርደው ከወንዙ ይቀዳሉ። የወንድሜ ሚስት እታገኘሁ ጀሪካን አዝላ ስትወጣ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ትነሣለች ብለው ተስፋ የሰጡን ሐኪም የሉም። ሊጠይቋት የሚመጡት ሴቶች ለእሷ ውሃ ይዘው ይገባሉ፤ በሩ ላይ የተቀመጠውን ደመቀን ግን ሰላም አይሉትም። እሱም ለምን አላሉኝም አይልም።

የዘንድሮው ቀዳም ስዑር ሲደርስ በመንደሩ የሚታደል ቄጤማ አልተገኘም። እንደምታውቁት ቄጤማውን የምናድለው የጥፋት ውሃ መጉደሉ የተበሠረበት ምልክት ስለሆነ ነው፤ እናንተ ውሃውን ራሱን ስላጎደላችሁልን ምናልባት ምልክቱ ትርፍ ሆኖ ታይቷችሁ ይሆናል። ደመቀ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። በዓሉ አልፎ ልጠይቀው ስወጣ ቦዩ ውስጥ ቆሞ በአካፋ አፈር ሲመልስበት አገኘሁት። ማንም አይከፍለውም፤ ማንም አላዘዘውም። ቀና ብሎ አየኝና «ምነው ቄሴ፣ ታሟል እኮ፤ አያገግምም እንዴ?» አለኝ። ወንድሜን እዚያው አቅፌ አለቀስሁ። መልሱን ከባለሙያችሁ ብትልኩልኝ ይዤለት እወጣለሁ።

የምትጽፉት ሪፖርት ሁሉ ለምለም፣ የምትቀመጡበት አዳራሽ ሁሉ ጥላ ይሁንላችሁ እያልሁ፣ ከደረቀው ጨፌ ጫፍ ላይ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣችሁ፣

ቄስ ኃይለ ማርያም
የረግረግ አጥፊው የደመቀ ወንድም

በድጋሚ፦ ያ የሽልማት ፎቶ ተለቅ ተደርጎ በመግቢያችሁ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን አይቻለሁ፤ ቄጤማው እስከ ወገባችሁ ይደርሳል፣ ከኋላችሁም ውሃው ያበራል። የወንድሜ ጨፌ አሁን ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ፣ የመንደሩ ሰው አንድ ቀን ገብቶ እንዲያየው ብትፈቅዱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጀሪካን ይዘው እንዳይገቡ እኔ እነግራቸዋለሁ።