ክዳኑ ላይ የተጻፈ ስም

ሰኞ
ረድኤትን መረጧት። አሥራ ሦስት ዓመት እዚህ ላቦራቶሪ አክታ ስመረምር የኖርኩት እኔ፤ ለፒሲአር ሥልጠና የተላከችው ግን ከተቀጠረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ። ዛሬ ከሥልጠናው ተመልሳ አዲሱን የፒሲአር ማሽን ከፈተችው። ሳንባ ውስጥ የገባ ፈንገስን ከአክታ ለይቶ ያወጣል። ኃላፊያችን "ከእንግዲህ የከበዳችሁን ረድኤትን ጠይቁ" አለ። ፈገግ አልኩ፤ ጉንጬን እስኪያመኝ።

ማክሰኞ
የጫማዋን ኮቴ እንኳ ጠልቻለሁ። "ገንዬ፣ ምሳ አብረን እንብላ?" ትለኛለች ጭራሽ። ጾም ላይ ነኝ አልኳት። ማክሰኞ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከሄደች በኋላ ነው።

እማማ ዘነበች መጡ። ቆሼ ላይ ፕላስቲክ ለቅመው የሚያድሩ ሴት ናቸው። የቲቢ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጨርሰዋል፤ አሁንም ደም ያስላቸዋል። ሐኪሙ ፈንገስ ጠርጥሯል፤ ያለ ውጤት ግን መድኃኒቱን አይጀምርላቸውም። ረድኤት ለነገ ቀጠረቻቸው፦ ምንም ሳይበሉ፣ አፋቸውን በውሃ ተጉመጥምጠው። ሁለቴ ደጋግማ አስረዳቻቸው። "ተባረኪ፣ የኔ ልጅ" አሏት። ሁለቱንም ጊዜ የቲቢ ምርመራቸውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ዞር ብለውም አላዩኝ።

ረቡዕ
አየኋት። ረድኤት ከእማማ ዘነበችና ከአንድ ሹፌር አክታ ተቀበለች። ስማቸውን የጻፈችው የአክታው ዕቃ ላይ ሳይሆን ክዳኑ ላይ ነው። ይህን ስህተት ተማሪም አይሠራውም። አክታ ይሁን ምራቅ ለማየት ሁለቱንም ከፈተች፤ ክዳኖቹን ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ ኃላፊያችን ጠራት፤ ዞር ብላ አናገረችው፤ ከዚያ ከደነቻቸው። የቱን ክዳን በየቱ ላይ?

አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ናሙናዎቹ ማቀዝቀዣ ገቡ፤ ነገ ማሽኑ ላይ ይጫናሉ። አንዴ ትዋረድ አልኩ በልቤ። ታክሲ ውስጥ እስከ ሰፈሬ ሳንሱሲ ድረስ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

ሐሙስ
ደስታው ትናንት ማታ እራት ሳልበላ ጠፋ። የሹፌሩ ውጤት ለእማማ ዘነበች ቢሰጥስ? "ምንም የለብዎትም" ተብለው ደም እየተፉ ወደ ቆሼ ይመለሳሉ።

ጠዋት ረድኤት ጓንት ስታጠልቅ ደረስኩባት።
"አትጫኚው። ክዳኖቹ ተቀያይረው ሊሆን ይችላል።"
"መቼ?"
"ትናንት። ስትከድኚ አይቼሻለሁ።"
ፊቷ አመድ መሰለ። "ትናንት አይተሽ ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?"

ሁለቱንም ናሙና አስወገደች፤ ራሷ ሄዳም ለኃላፊያችን "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለችው። የእኔን ዝምታ አላነሳችም። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ጥሩ ሰው መሆንም ትችልበታለች!

ሹፌሩ በስልክ ተገኘ፤ ሌላ ናሙና ሊሰጥ ይመጣል። እማማ ዘነበች ስልክ የላቸውም።

ዓርብ
ቆሼ ራሴ ሄድኩ። ስጠያይቅ ቆይቼ ጆንያ ላይ ተቀምጠው የውሃ ፕላስቲክ ሲለዩ አገኘኋቸው።
"እማማ፣ እንደገና ይምጡልን። ናሙናው ተበላሸ።"
"ማን አበላሸው?"
"እኛ።"
ሳል ያዛቸው። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ፤ ቀይ ነው። "ከሥራ ስቀር የዕለት ጉርሴ ነው የሚቀረው" አሉ። ግን እመጣለሁ አሉ።

ቅዳሜ
መጡ። አክታው አልወጣ አለ፤ ምራቅ ብቻ። ረድኤት ተጨነቀች። አጠገባቸው ቆምኩ። "በረጅሙ ይሳቡ። ያዝ ያድርጉት። አሁን ከሆድዎ ያስሉ።" በአራተኛው ወጣ፤ ወፍራም፣ ደም የነካው። ስማቸውን፣ ቁጥራቸውንና ሰዓቱን ዕቃው ላይ ጻፍኩ።

"ሥልጠናው ላይ ይሄን አላሳዩንም" አለች ረድኤት፣ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታናግረኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ማክሰኞ
ውጤቱ ወጣ። እማማ ዘነበች ፈንገሱ አለባቸው፤ ሹፌሩ የለበትም። ሐኪሙ ከራጃቸው ጋር አስተያይቶ መድኃኒት ጀመረላቸው። ወራት ይፈጃል። ይድኑ እንደሆነ እንጃ።

ኃላፊያችን ሰው ሁሉ ፊት ረድኤትን አመሰገነ። ያው ቅናት ቆነጠጠኝ። እኔን ማንም አላነሳኝም።

ከሰዓት በኋላ "ማሽኑን አሳዪኝ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ቅያሜው ዓይኗ ላይ ነው። ከዚያ በእግሯ ወንበር ገፋ አደረገችልኝ።